ሙሴ ቀስ ሲመለስ

ሁለት ልጆች መጡ፣ ሦስት ጥቁር ሻንጣ ይዘው፣
ከዚራን በባጃጅ ሦስቴ ዙረው ዙረው፣
በሬን አንኳኩና
"የሙሴ ቀስ እጁ እርስዎ ነዎት?" አሉኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ባልጠራኝ ስም
ድንገት ሲጠሩኝ ጉልበቶቼ ከዱኝ።

አዎ፣ እኔ ነበርኩ።
ያ ኤሊ፣ ያ ጭቃ፣ የጣቢያው አለቃ፣
ባቡር አሳልፎ ሰዓት የሚያነቃ፣
ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥን ካለው ቤት ተኮልኩሎ
ሕፃን ሁሉ የሚያየው፣ ጫማውን በር ጥሎ፣
ያ ሙሴ ቀስ፤
ቀና በል፣ ዞር በል ብዬ እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣
ለአንዲት ሰከንድ ጉዞ ሃያ አራት ጊዜ ነው በጣቴ የነካሁት።

ፈጣሪው ጋሽ ነጂብ፣ የባቡር አትሊዬ ብረት ገጣጣሚ፣
ቀን ሎኮሞቲቭ፣ ሌሊት ኤሊ አካሚ።
አጥንቱን ከሽቦ፣ ቅርፊቱን ከሰርዲን ቆርቆሮ አበጀ፣
ለዐይኑ የገዛ ሙስበሃውን ሁለት ዶቃ ፈጀ።

የድሬ ቀን ለጭቃ አይሆንም።
አንድ ቀትር ላይ ብንገባ
አፍንጫው ቀልጦ ደረቱ ላይ ወርዷል፣
ጋሽ ነጂብ ሳቀ፤ "ይኼስ የድሬ ልጅ ነው፣
ሽርጡን አገልድሞ ሊተኛ አስቧል።"

ስለዚህ በሌሊት።
የደቻቱ አሸዋ ሙቀቱን ተፍቶ ሲቀዘቅዝ፣
ሁለት አምፖል አብርተን፣ ትንፋሽ ስንይዝ፣
እነካለሁ፤ ጠቅ።
እነካለሁ፤ ጠቅ።
መብራት ከሄደማ የሌሊቱ ሥራ ውድቅ።

ሊነጋጋ ሲል ግን የጅቡቲው ባቡር ከጓሯችን ሲያልፍ
ጠረጴዛው ይርዳል፣ ከግርጌ እስከ ጫፍ፤
ሙሴ ቀስም አብሮ፣ ቅርፊቱ ግር ግር።
ቆርጠን ልንጥለው አልን። ፊልም ግን ብር ነው፣
ብር ከየት ይምጣ? ተዪው አለኝ፣ ይኑር።
ልጆቹ ታዲያ ሳቅ መሰላቸው!
"ሙሴ ቀስ ሳቀ!" እያሉ በየመንደሩ
ትከሻቸውን ሲንጡ አየናቸው።

ከዚያ ጋሽ ነጂብ አረፈ። ከዚያ ባቡሩ ቆመ።
ከዚያ ሙሴ ቀስ በብስኩት ካርቶን
ቁም ሣጥኔ አናት ላይ ከረመ።

አሁን ሩሐማና ኤልዳድ ኮምፒውተር ዘርግተው፣
የድሮውን ፊልም አንድ በአንድ አይተው፣
"እዚህ ጋ፣ ቅርፊቱ ላይ፣ የጣት አሻራ አለ፤ እናጸዳዋለን።
ይሄን መንቀጥቀጥም እናስተካክላለን።"
በትሕትና ነው። ጨዋ ልጆች ናቸው፤
ሙሸበክ አምጥተው፣ ማሩ ከነጣታቸው።

ምን ልበል?
አሻራው የማን እንደሆነ እኔም አላውቀው፣
የእሱ ይሁን የእኔ። ማታ ብቻዬን
አውራ ጣቴን ስክሪኑ ላይ ባስጠጋው
ልክ ሊሆን ምንም አልቀረው፤
ጣቴ ነው የወፈረው።

ሥራው ተጀመረ። በቀን፣ በኤሲ፣ በተዘጋ ክፍል።
አዲስ ሙሴ ቀስ፣ ቆዳው ጎማ፣
የማይቀልጥ፣ የማይጎድል።
ሩሐማ ትነካለች፣ ጠቅ። ትንፋሿን ትይዛለች።
(ይህን ማንም አላስተማራትም።)
ጠቅ። ጠቅ። ሰከንዷ አለቀች።

መልሰን አየነው። ሄደ፣ ደረሰ፣ ባንዲራውን አነሳ።
ሁሉ ደኅና፣ ሁሉ ልስልስ፤
የሆነ ነገር ግን ተረሳ።
ኤልዳድ ራሱን እያከከ፣ "ምኑ ነው የጎደለ?"
አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጭ፣ እሩቅ ነው ያለ፤
የእኛ ጓሮማ ዝም እንዳለ ዋለ።

ከወንበሬ ተነሣሁ።
ሩሐማ ጣቷን ካሜራው ላይ ስታሳርፍ
የጠረጴዛውን እግር በግራ እግሬ መታሁት።
"ኧረ እትዬ ፈቲያ!"
"አንሺው" አልኳት።
ደግሜ መታሁት።
"አንሺው ልጄ፣ አንሺው፣ እያለፈ ነው።"